የአፍሪካ የቼዝ ሻምፒዮና አሸናፊዎችና ያሸነፉባቸው ከተሞች፦ ለአንድ የደሴ መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የቀረበው በደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቼዝ ክበብ ከሚመሩ መምህር ነው። መምህሩ የአፍሪካን የግል የቼዝ ሻምፒዮና አሸናፊዎች በየዓመቱ ዘርዝረው በክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ አስበዋል። ውድድሩ መቼና እንዴት እንደተጀመረ፣ ዋንጫውን እነማን እንደወሰዱ፣ ኢትዮጵያውያን በዝርዝሩ ለምን እንደማይታዩ፣ የጥንቱ ሰንጠረዥ ጨዋታችን በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ ይኖረው እንደሆነ፣ በመጨረሻም ደሴና ኮምቦልቻ የጋራ ዓመታዊ ውድድር ቢጀምሩ ከዚህ ሁሉ ምን ሊወስዱ እንደሚችሉ ጠይቀዋል።

መምህር፣ የጥያቄዎን የመጀመሪያ ክፍል በአጭሩ መመለስ ይቻላል። የአፍሪካ የግል ሻምፒዮና የተጀመረው በ1998 በካይሮ ነው። (በዚህ ምላሽ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ2003 እስከ 2019 ከተካሄዱት 12 ውድድሮች አሥሩን ግብፃውያን ወስደዋል፤ የቀሩትን ሁለቱን አንድ የዚምባብዌና አንድ የደቡብ አፍሪካ ተጫዋች ተካፍለዋቸዋል። ይሁን እንጂ ዝርዝሩን ዓመትና ስም ብቻ አድርገው ቢለጥፉት፣ ተማሪዎችዎ ከእሱ የሚያነቡት ግብፆች ከሌላው አፍሪካዊ ይበልጣሉ የሚለውን ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ውድድሩ የተካሄደበትን ከተማ ጭምር እንዲጽፉ አጥብቄ እጠይቅዎታለሁ። ማን አሸነፈ የሚለውን ጥያቄ፣ ማን እዚያ ድረስ ሄዶ ሰሌዳው ፊት መቀመጥ ቻለ ከሚለው ነጥሎ መመለስ አይቻልምና። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ይህንን ለማስረዳት ነው።

ከ1998 በፊት አንድ አፍሪካዊ ተጫዋች ወደ ዓለም መድረክ የሚወጣበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነበር። በ1924 በፓሪስ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊዴ፣ አገሮችን በዞን ከፋፍሎ ከየዞኑ የሚያልፉትን ኢንተርዞናል በሚባል ታላቅ ውድድር ያገናኝ ነበር። በ1967 ከእነዚህ ውድድሮች አንዱ በአፍሪካ ምድር፣ በቱኒዚያዋ የሱስ ከተማ ተካሄደ። የቼዝ ወዳጆች ይህን ውድድር የሚያስታውሱት አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ነጥቡን እየመራ ሳለ በጨዋታ ቀናት አደላደል ምክንያት ከአዘጋጆቹ ጋር ተጋጭቶ ጥሎ በመውጣቱ ነው፤ ዋንጫው ለዴንማርካዊው ቤንት ላርሰን ሆነ። እኔ ግን ከዚያ ውድድር የደረጃ ሰንጠረዥ ግርጌ ያለውን ስም እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። በመጨረሻው ደረጃ ላይ የተቀመጠው ስሊም ቡዓዚዝ የሚባል የ17 ዓመት ቱኒዚያዊ ወጣት ነበር። ላርሰንን፣ ኮርችኖይን፣ ጌለርን፣ ፖርቲሽን የመሳሰሉ የዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች በገዛ አገሩ መጥተው አንድ በአንድ ገጠሙት፤ በነጥብም ከሁሉ በታች ሆኖ ጨረሰ። ይኸው ወጣት ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ግራንድ ማስተር (በቼዝ ከፍተኛው ማዕረግ) ሆነ። በመካከሉ ያለፉት ዓመታት ርዝመት ችሎታን ብቻ የሚያሳይ አይመስለኝም። ጠንካራ ተጋጣሚ ለማግኘት ባሕር መሻገር ለሚገደድ ሰው፣ የማዕረጉ መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ያሳያል። በዚያው በ1993 የሞሮኮው ሂሻም ሐምዱሺም ግራንድ ማስተር ሆኗል፤ ሁለቱም የሰሜን አፍሪካ ሰዎች መሆናቸው ለአውሮፓ ውድድሮች ካላቸው ቅርበት ጋር ተያይዞ መታየት አለበት።

የአህጉሩ የግል ሻምፒዮና በ1998 ሲጀመር የመጀመሪያው ዋንጫ የግብፁ ኢብራሂም ሐሰን ላቢብና የሞሮኮው ሞሐመድ ቲሲር በጋራ የበላይ የሆኑበት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሐምዱሺም ስሙን በአሸናፊዎቹ ዘንድ አስመዝግቧል። ውድድሩ መልክ የያዘው ግን ከዚያ በኋላ፣ በየሁለት ዓመቱ ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረ መካሄድ ሲጀምር ነው ብል አልተሳሳትኩም። በ2003 በናይጄሪያ የግብፁ ኤሳም ኤል ጊንዲ አሸነፈ። በ2005 በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ የአገሩ ልጅ አሕመድ አድሊ ተከተለው። በ2007 በናሚቢያዋ ዊንድሆክ የዚምባብዌው ሮበርት ግዋዜ፣ በ2009 በትሪፖሊ የግብፁ ባሰም አሚን፣ በ2011 በሞዛምቢኳ ማፑቶ እንደገና አድሊ፣ በ2013 በቱኒስ እንደገና አሚን አሸናፊዎች ሆኑ። ከዚህ በኋላ ሻምፒዮናው በየዓመቱ መካሄድ ጀመረ። በ2014 ዳግመኛ በዊንድሆክ የደቡብ አፍሪካው ኬኒ ሰለሞን፣ በ2015 በካይሮ አሚን፣ በ2016 በካምፓላ የግብፁ አብደልራህማን ሂሻም፣ በ2017 በአልጄሪያዋ ኦራን አሚን፣ በ2018 በዛምቢያዋ ሊቪንግስተን አሁንም አሚን፣ በ2019 በቱኒዚያዋ ሐማመት አድሊ ዋንጫውን አነሱ። ለግድግዳዎ ዝርዝሩን እዚህ ላይ ቢያቆሙት ጥሩ ነው፤ ከ1998 እስከ 2019 ያለው ዘመን ራሱን የቻለ አንድ ምዕራፍ ነውና፣ ለተማሪም በአንድ ጊዜ ለማየት የሚበቃ ነው።

አሁን ስሞቹን ጠጋ ብለን እንመልከት። ባሰም አሚን ከ2009 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ አሸንፏል፤ በአህጉሩ የቼዝ ታሪክ ይህን ያህል በተከታታይ የገነነ ተጫዋች አላውቅም። በ1988 በግብፅ ታንታ ከተማ ተወለደ፤ በትምህርቱ የሕክምና ዶክተር ነው፤ በ2006 ግራንድ ማስተር፣ በ2017 ደግሞ ሬቲንጉ (የተጫዋች ጥንካሬ የሚለካበት ቁጥር) 2700ን የተሻገረ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል። ለተማሪዎችዎ 2700 የሚለው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል፦ ለግራንድ ማስተርነት የሚጠየቀው ሬቲንግ 2500 ሲሆን፣ 2700ን ያለፉት በማናቸውም ጊዜ በመላው ዓለም በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ሕክምናን የሚያህል ትምህርት እየተማሩ እዚያ ደረጃ መድረስ ተማሪው በቼዝ ምክንያት ትምህርቱን ይተዋል ብለው ለሚሰጉ ወላጆች የሚነገር ምሳሌ ነው፤ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ይህን ስጋት በየወላጅ ስብሰባው እንሰማዋለንና።

አሕመድ አድሊ በአንድ ነገር ከአሚን ይቀድማል። በ2007 በአርመንያዋ ዬሬቫን በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና አንደኛ ወጥቷል፤ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እሱ ነው። ከዚህ ሻምፒዮና ያለፉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ለሚያውቅ ሰው የድሉ ክብደት ግልጽ ነው፤ ቦሪስ ስፓስኪ፣ አናቶሊ ካርፖቭ፣ ጋሪ ካስፓሮቭና ቪስዋናታን አናንድ ለዓለም ሻምፒዮንነት ከመብቃታቸው በፊት ይህንኑ የወጣቶች ዋንጫ አንስተዋል። ስለዚህ አድሊ በአፍሪካ ሦስት ጊዜ አሸነፈ ስንል፣ ያሸነፈው ከዕድሜ እኩዮቹ መካከል የዓለም ቀዳሚ የነበረ ሰው መሆኑን አብረን እናስታውስ።

በዚያው በ2007 የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው ግን አድሊ አልነበረም። ሮበርት ግዋዜ በእኔ ዓይን ከዝርዝሩ ሁሉ ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ሰው ነው። ከዚያ አምስት ዓመት አስቀድሞ፣ በ2002 በስሎቬኒያዋ ብሌድ በተካሄደው የቼዝ ኦሊምፒያድ፣ ማለትም አገሮች በቡድን በሚወዳደሩበት ውድድር፣ ግዋዜ በዚምባብዌ ቡድን የመጀመሪያ ሰሌዳ ላይ (የቡድኑ ጠንካራ ተጫዋች በሚቀመጥበት ቦታ) ተሰልፎ ዘጠኝ ጨዋታ ተጫወተ፤ ዘጠኙንም አሸነፈ፤ አንድም አቻ አልነበረበትም፤ የመጀመሪያ ሰሌዳውንም የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ። በአንደኛ ሰሌዳ ዘጠኝ ከዘጠኝ ማምጣት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለመረዳት ወደ 1930ው የሃምቡርግ ኦሊምፒያድ መመለስ ይበቃል፤ እዚያ ተመሳሳይ ውጤት ያመጣው በወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አሌክሳንደር አሌክሂን ነበር። እርግጥ ነው፣ በኦሊምፒያድ ቡድኖች የሚገናኙት በነጥባቸው መጠን ስለሆነ፣ የዚምባብዌ ተጋጣሚዎች የሩሲያና የሃንጋሪ ቡድኖች ከሚገጥሟቸው ጋር እኩል አልነበሩም። ይህን ማለት ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ማንንም ቢገጥሙ፣ ዘጠኝ ጊዜ ተከታትሎ ግማሽ ነጥብ እንኳ አለማጣት ከፍተኛ ትኩረት፣ ከፍተኛ ጤንነትና ከፍተኛ ድፍረት ይጠይቃል። ግዋዜ ይህን ሁሉ አድርጎ፣ የአፍሪካ ሻምፒዮንም ሆኖ፣ ማዕረጉ ከግራንድ ማስተር አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ዓለም አቀፍ ማስተር እንጂ ግራንድ ማስተር አይደለም። ተማሪዎችዎ ሻምፒዮን መሆንና ግራንድ ማስተር መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ ይማራሉ።

ልዩነቱን በደንብ ለማሳየት ስለ ኖርም፣ ማለትም ለማዕረጉ በውድድር ስለሚመዘገበው ብቁ ውጤት፣ ጥቂት ማብራራት አለብኝ። አንድ ተጫዋች በመደበኛው መንገድ ግራንድ ማስተር የሚሆነው ሬቲንጉ 2500 ሲደርስና በድምሩ 27 ጨዋታ የሚሆኑ ኖርሞች ሲያሟላ ነው። አንድ ኖርም ለማግኘት በአብዛኛው በዘጠኝ ጨዋታ ውድድር የ2600 ደረጃ ያለው ውጤት ማምጣት፣ ከተጋጣሚዎቹም ቢያንስ ሦስቱ ግራንድ ማስተሮች መሆን፣ የተጋጣሚዎቹ አማካይ ሬቲንግም ከ2380 አለማነስ አለበት። ሌላም የአገር ብዛትን የሚመለከት ቅድመ ሁኔታ አለው። አንድ የቤልግሬድ ወይም የቡዳፔስት ወጣት እንዲህ ያለውን ውድድር በባቡር ሄዶ ያገኘዋል። የሐራሬ፣ የሉሳካ ወይም የአዲስ አበባ ወጣት ግን ሦስት ግራንድ ማስተሮች በአንድ አዳራሽ የተሰበሰቡበትን ውድድር ለማግኘት የአውሮፕላን ቲኬት፣ ቪዛና የሆቴል ወጪ ያስፈልገዋል፤ ይህንንም አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ። ዛምቢያዊው አሞን ሲሙቶዌ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የመጀመሪያው ግራንድ ማስተር ሆኖ በ2009 ማዕረጉን ሲቀበል፣ መንገዱ ያለፈው በአሜሪካና በአውሮፓ ውድድሮች በኩል ነበር።

የኬኒ ሰለሞን ታሪክ የሚገባን ይህ ከገባን በኋላ ነው። ሰለሞን ያደገው ከኬፕ ታውን ወጣ ብላ በምትገኘው ሚቸልስ ፕሌን ነው። ቼዝ የጀመረው በ13 ዓመቱ፣ ታላቅ ወንድሙ ለ1992ቱ የማኒላ ኦሊምፒያድ መመረጡን አይቶ እንደሆነ ይታወቃል። 13 ዓመት ለቼዝ የዘገየ ዕድሜ ነው፤ ዛሬ በዓለም ከታወቁት ተጫዋቾች ብዙዎቹ በዚያ ዕድሜያቸው ማዕረግ ይዘዋል። በ2014 በዊንድሆክ ሲያሸንፍ ሬቲንጉ ገና ከ2500 በታች ነበር፤ ሆኖም በወቅቱ ሥራ ላይ በነበረው የፊዴ ደንብ የአህጉር ሻምፒዮና አሸናፊነት ማዕረጉን ስለሚያስገኝ፣ የደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ግራንድ ማስተር ሆነ። በዚህ መንገድ የተገኘ ማዕረግ ቀላል ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ደንቡ የተቀረጸው ግራንድ ማስተሮች በብዛት ለማይገኙባቸው አህጉራት ታስቦ ነው፤ ሰለሞንም ማዕረጉን ያገኘው ማንም ቀንሶለት ሳይሆን፣ በዚያ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮና የተሰበሰቡትን ሁሉ በነጥብ በልጦ ነው። ደንቡ ባይኖር ኖሮ ግን ያንኑ ችሎታውን ይዞ እንደ ግዋዜ ያለ ግራንድ ማስተርነት ሊቀር ይችል እንደነበር አያጠራጥርም።

ወደ ከተሞቹ ልመለስ። ከ12ቱ ውድድሮች አምስቱ በሰሜን አፍሪካ (በትሪፖሊ፣ በቱኒስ፣ በካይሮ፣ በኦራንና በሐማመት)፣ ሰባቱ ደግሞ ከሰሃራ በታች ተካሂደዋል። በሰሜን የተካሄዱትን አምስቱንም ያለ ልዩነት አሚንና አድሊ ወስደዋል። ከሰሃራ በታች ከተካሄዱት ሰባት ግን ሁለቱ ለሌላ ሰው ሆነዋል፤ ሁለቱም በአንዲት ከተማ፣ በዊንድሆክ፣ ነው የተካሄዱት፤ ያሸነፉትም ለናሚቢያ ቅርብ ከሆኑ አገሮች የመጡ፣ አንድ ዚምባብዌያዊና አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ናቸው። ከዚህ ተነስቼ ቦታው ብቻውን አሸናፊውን ይወስናል አልልም። ቢሆንማ ሉሳካ፣ ማፑቶ፣ ካምፓላና ሊቪንግስተንም ለግብፃውያን ባልሆኑ ነበር። ግብፅ ጥልቅ የውድድር ባህል፣ ብዙ አሠልጣኝና በእያንዳንዱ የዕድሜ እርከን ብዙ ጠንካራ ተጫዋች አላት፤ ርቀትም ይህን አይሽረውም። የምለው ይህን ነው፦ ቅርበት ዕድልን ያሰፋል። አንድ ጠንካራ ተጫዋች ብቻውን ሩቅ አገር ከሚሄድ ይልቅ፣ አሥር ተጫዋቾች ወደ ጎረቤት አገር ቢሄዱ፣ ከመካከላቸው አንዱ በሕይወቱ ትልቁን ሳምንት እዚያው ሊያሳልፍ ይችላል።

ስለ ሴቶች ሻምፒዮና ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርምና አንድ ስም ይጨምሩ። የቦትስዋናዋ ቱዱዬትሶ ሳቡሬ በ2003 የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮን ሆና የሴቶች ግራንድ ማስተርነትን አግኝታለች። ሦስት ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ ካላት አገር የወጣች ናት፤ ለክበብዎ ልጃገረዶች ከየትኛውም ረጅም ንግግር ይልቅ ይህ ይጠቅማል።

ሰንጠረዥን በተመለከተ የጠየቁት ጥያቄ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእኛ አባቶች ይጫወቱት የነበረው ጨዋታ ዕድሜው ረጅም መሆኑ የታወቀ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን አፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በትግራይ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ተመልክቶታል። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሳይሆን በጨርቅ ላይ በመስመር የተከፈለ 64 ቤት ነበር። ከዛሬው ቼዝ እጅግ የሚለየው ግን አከፋፈቱ ነው፤ ወረራ በሚባለው የመጀመሪያ ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ብቻ ተራ መጠበቅ ይጀመራል። በዙሪያቸው የሚቀመጡት ሰዎችም ዝም ብለው አይመለከቱም፤ ምክር ይሰጣሉ፣ ያሞግሳሉ፣ ይከራከራሉ። እንዲህ ያለው ጨዋታ የመኳንንት መዋያና የክብር መገለጫ ነበር እንጂ ዙር፣ ነጥብና መዝገብ ያለው ውድድር አልነበረም። ስለዚህ የጥንቶቹን ተጫዋቾች ሻምፒዮን ብለው በዝርዝሩ አናት ላይ እንዳያስቀምጧቸው እመክራለሁ፤ በሌላ ወረቀት፣ በራሳቸው ርዕስ ሥር ይጻፉ። ለእነሱም ለዛሬዎቹም የሚገባውን ክብር መስጠት የሚቻለው እንደዚያ ነው።

ኢትዮጵያውያን በዝርዝሩ ለምን አይታዩም ላሉት፣ መልሱ ወደ አህጉርና ወደ ዓለም ውድድሮች በሚያወጣው መሰላል አሠራር ውስጥ ነው። በፊዴ አከፋፈል ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤቶቿ ጋር በዞን 4.2 ትመደባለች። የአንድ ዞን ሻምፒዮን ወደ ዓለም ዋንጫ በቀጥታ የሚሄድበት በር ሲኖር፣ የአህጉሩ ሻምፒዮና ደግሞ ሌላው በር ነው። በ2015 በባኩ የዓለም ዋንጫ ናይጄሪያዊው ኦላዳፖ አዱ በመጀመሪያው ዙር የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ቬሰሊን ቶፓሎቭን ገጥሟል። ቢሸነፍም፣ የዞን በር ከምዕራብ አፍሪካ ተነስቶ እስከ የት ድረስ እንደሚያደርስ አሳይቷል። ወደ እነዚህ በሮች ለመቅረብ ግን ሬቲንግ ያስፈልጋል፤ ሬቲንግ ለማግኘት ደግሞ የተመዘገበ ውድድር ያስፈልጋል። አንድ አዲስ ተጫዋች የመጀመሪያ ሬቲንጉን የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ጨዋታ ሬቲንግ ካላቸው ተጋጣሚዎች ጋር ሲጫወት ነው። ከ2024 ጀምሮ ዝቅተኛው ሬቲንግ 1400 ሆኗል። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ የደሴ ተማሪ እነዚያን አምስት ጨዋታዎች ለማግኘት ይህን መንገድ ተጉዞ ቀናት የሚያድር ከሆነ፣ ብዙዎች ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይቀራሉ። በአፍሪካ ደረጃ ስለ ዊንድሆክ የተናገርኩት በአገር ውስጥም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ ውድድር ሐሳብዎን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ ጥቂት ነገሮችን ግን ከመጀመሪያው እንዲያስቡባቸው እፈልጋለሁ። ሁለቱ ከተሞች በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስላለ ተጫዋቾች ጠዋት ወርደው ማታ መመለስ ይችላሉ፤ ይህ ማደሪያ ሳይከፈል ሁለት ቅዳሜና እሑድ የሚወስድ ውድድር ለማካሄድ ያስችላል። አዘጋጅነቱ በየዓመቱ ይፈራረቅ፤ አንዱ ዓመት ደሴ፣ ሌላው ኮምቦልቻ። ሁልጊዜ ደሴ ከሆነ የኮምቦልቻ ልጆች ሁልጊዜ ተጓዥ ይሆናሉ፤ በሦስተኛው ዓመት ቁጥራቸው መቀነሱን ያዩታል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ ስላለው፣ አዳራሽ ለማግኘት ከእሱ ጋር መነጋገር መልካም ጅምር ይሆናል። የሐይቅና የከሚሴ ተማሪዎችም እንዲገቡ በሩ ክፍት ይሁን፤ ለእነሱ የትራንስፖርት ወጪ የሚሸፍን ሰው መፈለግ ለአንደኛው የሚሆን ትልቅ ዋንጫ ከመግዛት ይቅደም። ይህን የምለው አጥብቄ ነው፤ ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ዋንጫው ይቅርና ሰዎቹ ይምጡ።

አወዳደሩ በተጫዋቾቹ ቁጥር ይወሰናል። አሥር ሰዎች ብቻ ከሆኑ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጋጠሙ፤ ዘጠኝ ዙር ይሆናል፤ ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ አወዳደር የለም። ሠላሳና ከዚያ በላይ ከሆኑ የስዊስ አወዳደር ይጠቀሙ፤ በየዙሩ እኩል ነጥብ ያላቸው ይጋጠማሉ፣ ማንም ተሸንፎ አይሰናበትም። ለ32 ተጫዋቾች አምስት ዙር ሁሉንም ያሸነፈ አንድ ሰው ብቻ እንዲቀር ያደርጋል፤ ነገር ግን አቻዎች ስለሚኖሩ ሰባት ዙር ቢሆን ደረጃው ይበልጥ ይታመናል። በነጥብ እኩል ለሚሆኑት መለያው ምን እንደሆነ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ ይለጠፍ። የተለመደው ቡሆልዝ ነው፤ የተጫዋቹ ተጋጣሚዎች በሙሉ ያመጡት ነጥብ ይደመርና ድምሩ የበለጠው ይቀድማል፤ ጠንካራ ሰዎችን የገጠመው ተጫዋች ይጠቀማል ማለት ነው። የመለያው ደንብ በመጨረሻው ዙር ማግስት ከተነገረ ግን የሚነሳው ክርክር ለዓመታት አይበርድም፤ በዳኝነት ሥራዬ ከምንም በላይ የምጠነቀቀው ለዚህ ነው።

ውድድሩ ሬቲንግ እንዲያስገኝ ከፈለጉ፣ አስቀድሞ በብሔራዊው ፌዴሬሽን በኩል ለፊዴ መመዝገብ አለበት፤ ከተጠናቀቀ በኋላ የሚላክ ወረቀት ዋጋ የለውም። ፈቃድ ያለው ዳኛ ያስፈልጋል፤ ሰዓቱም ለጀማሪዎች ቢያንስ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 60 ደቂቃ ይሁን። እንዲሁም ሬቲንግ ያላቸው ጥቂት ተጫዋቾች ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ከተማ ካልተጋበዙ፣ የእናንተ ልጆች አምስቱን ጨዋታ የሚያሟሉበት ተጋጣሚ አያገኙም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት በጀት ከሁሉ አስቀድሞ ለእነዚህ እንግዶች ማደሪያና መጓጓዣ ይመደብ።

በመጨረሻ ስለ መዝገቡ። የእያንዳንዱ ዙር ውጤት፣ የተጫዋቹ ሙሉ ስም ከነአባቱ፣ የመጣበት ትምህርት ቤትና ከተማ፣ በየትኛው ቀለም እንደተጫወተ ይጻፍ፤ የጨዋታ ወረቀቶቹም ከሁለቱ ተጫዋቾች ፊርማ ጋር ተሰብስበው ይቀመጡ። አንድ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው በኮምቦልቻ አስተናጋጁ ዘንድ ይሁን። የተሸናፊዎቹም ነጥብ እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ይመዝገብ፤ ከ1967ቱ የሱስ ውድድር የደረጃ ሰንጠረዥ የመጨረሻው ስም ቢቆረጥ ኖሮ፣ ዛሬ ስለ ስሊም ቡዓዚዝ አጀማመር ይህን ያህል መናገር አንችልም ነበር።